የልብስ ሰፊው አፍ

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም፣ አንደበቱም አልተፈታም። ደንበኛ መጥቶ «ወገቡን ጠበብ አድርግልኝ» ሲል ለእሱ በእጇ የምትነግረው፣ እሱ «ጨርቁ አይበቃም» ሲል ለደንበኛው የምትመልሰው እሷ ስለሆነች «የልብስ ሰፊው አፍ» አሏት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣላቸው ሚስቶች ሞልተዋል።

የእጅ ቋንቋቸውን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከሁለቱና ከአንድ ልጃቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ሃይማኖቱንም በዚሁ አስተማረችው። ነፍስ ለማለት መዳፍ ላይ እፍ ይላሉ። ጠባቂ መልአክ ከትከሻ ኋላ የቆመ ሰው ነው። ለሰይጣን ምልክት ቢያጡ እሱ እንደ ቤት አከራያቸው ጢም ማጠማዘዝን በእጁ አሳየ፤ ተቆጣችው፣ ግን የተሻለ አልተገኘም። ኃጢአትን በሥራው አስረዳችው። ቀላሉ የተተረተረ ስፌት ነው። ከባዱ፣ አውቆና ፈቅዶ የተሠራው፣ ጨርቁን ለሁለት መቅደድ ነው። ይህ ወዲያው ገባው።

ለንስሐ ሲቀርብ አጠገቡ ተቀምጣ ታስተረጉምለታለች። ደንበኛ ሰደብኩ፣ አንድ ብርጭቆ አበዛሁ፣ ትራፊ ጨርቅ አስቀረሁ። የንስሐ አባታቸው፣ አባ፣ መጀመሪያ ላይ አስጠንቅቀዋት ነበር፦ «የሰማሽው እኔን እንደሚያስረኝ አንቺንም ያስርሻል። ለማንም አይነገርም፣ ምንም አይሠራበትም።» «ሆድ ይፍጀው» ብላ ተቀበለች። ለተራ ስድብና ለቁራጭ ጨርቅ ሆዷ ሰፊ ነበር።

ልጃቸው አርግዛ ከአባቷ ተጣልታ ከወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ያለችበትን ሥራ ጥላ ትሮጣለች። እሱ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

ኋላ ክፉኛ ታመመ፤ ሐኪሞቹ «ቤቱ ሆኖ ይረፍ» ብለው የመለሱት ጊዜ አባን አስጠራ። አባ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ከደከመው በምልክት መጸጸቱን ያሳየኝ፣ ይበቃል። አስተርጓሚ ግዴታ አይደለም» አሉ። ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፤ ሁሉም በእሷ አፍ ይነገር አለ። እኔን ብትጠይቁኝ እሷ እንድትሰማ ፈልጓል፤ ሰምታም መጮህ እንደማትችል አሳምሮ ያውቃል። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖም ተንኮሉ አልለቀቀውም።

ትንንሾቹን ጨረሰ። ከዚያ እጁ ዘገየ።

«ልጄ መጥታ ነበር» አለች ሚስቱ፣ እንደ ልማዷ በእሱ ፈንታ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የገባት።

አባ ቀና ብለው አዩዋት። እሱ ቀጠለ፣ እሷም ቀጠለች።

«እናቷ ገበያ ሄዳ ነበር። ሕፃን አዝላለች። በእጇ «አባዬ፣ ማረኝ» አለችኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩባት። ስገልጠው የለችም። ከዚያ ወዲህ እናቷ ወደ በሩ ስትሮጥ እያየሁ ዝም አልኩ። አውቄ ነው። ፈቅጄ ነው።»

አንድ ቃል አላጎደለችም። ብታጎድል ማን ያውቅባት ነበር? ግን የሰውየው ነፍስ በእሷ ምላስ ላይ ነበረች፤ ፈራች።

አባ የይቅርታውን ጸሎት አድርሰው አማተቡበት። ይቅርታን በምልክታቸው የሚሉት አንዱን መዳፍ በሌላው በመጥረግ ነው፣ ከጨርቅ ላይ ጠመኔ እንደሚራገፈው። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል» ብላ ጠረገች። እጇ ደርቆ ነበር።

ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። አንቺስ?

«ምን አለ?» አሉ አባ።

«አሜን ነው ያለው።»

በዚያ ሁሉ ዓመት አጣማ ስታስተረጉም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ከተተች። አባ ሲወጡ «በርቺ፣ ልጄ» ብቻ አሏት። እሳቸውም ሌላ ማለት አይችሉም።

ማታውን እህቷ ሾርባ ይዛ መጣች። «ያቺ ጨካኝ! አባቷ እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ትበል?»

«እንዲህ አትበያት።»

«ለምን አልልም? መጥታ ታውቃለች?»

ልጇን ልትከላከልላት አልቻለችም፤ ልፈልጋት ብትልስ ከማን ሰማሁ ትላለች? «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ስጪው» አለች።

በማግሥቱ አጎረሰችው፣ አንሶላውን ቀየረች፣ ግን በእጇ አንድ ነገር አልነገረችውም። በዓይኑ እጆቿን ይከተላል። ጠልታዋለች። ደግሞ ይጠይቀኝ፣ ይለምነኝ፣ ይቃጠል ብላ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስታጥብ ግን ይህ የእሷ ዝምታም አውቃና ፈቅዳ የሠራችው እንደሆነ ታሰባት፤ ደነገጠች። እጇን ሳታደርቅ ገባች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መዳፏን በመዳፏ ጠረገች። አላያትም። ወደ ፊቱ አስጠግታ ደገመችው። ዓይኑ ተገልጧል፤ ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹ አለ፣ የዓይኑ ብርሃን ግን ጠፍቷል። እሱ የሚሰማው በዓይኑ ነበር። «እኔም! እኔም ይቅር ብያለሁ!» ብላ ጮኸች፣ ለማይሰማ ሰው።

ከዚያ እጁን ያዘች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈትታ መዳፉን በመዳፏ ጠረገችው፤ መልሳ ጠረገችው። ይግባው አይግባው የሚነግራት ምንም አላገኘችም።

እህቷ በበሩ ብቅ አለች። «በርዶት ነው እንዴ?»

«አዎ፣ በርዶት ነው» አለች፤ መጥረጉን ግን አላቆመችም።