የኪዳኑ ቤት ተራ

ሸጋ ባሏ ኪዳኑ በሞተ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ፣ ደረቷ ላይ የተወዳዳሪ ቁጥር ለጥፋ ሮጠች። ያን እሑድ ከኮሶበር እስከ ዘንገና መታጠፊያ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ አይቷታል። ግማሹ ዛሬም ድረስ ነውር ነበር ይላል። ለምን እንደሮጠች ለመረዳት ግን ከሩጫው መጀመር አይቻልም። መጀመር ያለብን ከእርሻ ነው።

በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ከባድ ሥራ ሲመጣ ለየብቻቸው አይወጡም። አራት አምስት ቤቶች ተሰባስበው ወንፈል ይገባሉ። ዛሬ ሁሉም የአንዱን መሬት ያርሳሉ፣ ነገ የሌላውን፣ ከነገ ወዲያ የሦስተኛውን፤ ዙሩ ሲያልቅ ማንም ከማንም የሚፈልገው ቀን አይኖርም። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን እንዴት በጥንቃቄ እንደተበጀ ያስደንቃል። ወንፈል የሚገባው ሰው አይደለም፤ ቤት ነው። አባወራው ቢታመም ልጁ ይሄዳል፣ ልጅ ከሌለ ወንድም ይሄዳል፤ የሄደው ማንም ይሁን ማን ቀኑ ለቤቱ ይቆጠራል። አንድ ቤት በተራው ሰው ሳይልክ ቢቀር የሚቆጣ የለም፣ የሚከስም የለም። በሚቀጥለው ዙር ተራ ሲወጣ ስሙ አይጠራም። ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ከዚህ የሚከብድ ቅጣት ደግሞ በዚያ አገር የለም።

የኪዳኑ ወንፈል አራት ቤት ነበር። በዕድሜም በነገር አዋቂነትም የሚበልጠው እንየው ነው፤ ሃምሳውን አልፏል፣ ሲናገር ድምፁን አያነሣም። ሁለተኛው ድንች አብቃዩ ትዕዛዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ቀልድ የሚያመልጠው ሰው ነው። ሦስተኛው የኪዳኑ ታናሽ ወንድም ምንይችል፣ ጎጆ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ። አራተኛው ራሱ ኪዳኑ። በበጋ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበርና ቅርጫት ይሠራል፣ በክረምት ያርሳል።

ሸጋ የዚያ አገር ሰው አይደለችም። የተወለደችው ቆላ፣ ጫግኒ ነው። ኪዳኑ ቅርጫት ሊሸጥ ጫግኒ ገበያ ሲወርድ አይቷት፣ ሽማግሌ ልኮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ደጋ አመጣት። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፈችው በብርድ እየተንቀጠቀጠች ነው። አገውኛ አትችልም ነበርና አማቷ አረም ላይ አጠገባቸው አስቀምጠው መጀመሪያ ቁጥር አስተማሯት። አንድ እፍኝ አረም በተነቀለ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። በሦስተኛው ዓመት በአገውኛ ትቀልድ ጀመር። ቢሆንም በዚያ መንደር የሥጋ ዘመድ የላትም። ያላት ባሏና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ ነበሩ።

በ2007 ዓ.ም. ከዳንግላና ከኮሶበር የተሰባሰቡ ወጣቶች የማራቶን ዱላ ቅብብል አዘጋጁ። አንድ ቡድን አምስት ሰው ነው፤ አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ለአምስት ሲካፈል ለያንዳንዱ ከስምንት ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። መነሻው ዳንግላ ነው። ከዳንግላ ኮሶበር ያለው መንገድ ለማራቶን ስለማይበቃ ጎደሎው ኮሶበርን አልፎ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ተሞላ። ይህ መንገድ ከመነሻው እስከ ኮሶበር ከፍ እያለ ነው የሚሄደው፤ ሯጩ ሲደክም አየሩም አብሮ ይሳሳል። ኪዳኑ ይህን በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰማና የዚያኑ ዕለት ወንፈሉን አስመዘገበ። አምስተኛዋ ኮሶበር የምታስተምረው የእንየው ልጅ ቤዛዊት ሆነች። ጓደኞቹ ሲስቁበት፣ ይህ እኮ ወንፈል ነው፣ እኔ ካቆምኩበት አንተ ትቀጥላለህ አላቸው። የመጨረሻውን ተራ ለራሱ ያዘ፤ በሰፈሩ በኩል ያልፋልና።

ለሁለት ወር ንጋት ላይ በሐይቁ አፋፍ ባለው የእግር መንገድ ሮጡ። ከዚያ የኪዳኑ ዓይን ቢጫ ሆነ። ጉበቱ ነው ተባለ። በመጋቢት መጨረሻ ሞተ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወንፈሉ ሸጋን ሊያጽናና ቤቷ ተቀመጠ። የሩጫው ነገር የተነሣው እዚያ ነው። ምንይችል፣ ቡድኑ እንዳይፈርስ አስማረ የሚባል የኮሶበር ጓደኛው በወንድሙ ፈንታ እንዲሮጥ ሐሳብ አቀረበ። አስማረ ፈጣን ነው፣ ወንፈል መግባትም ይፈልጋል አለ። ቀጥሎም፣ ለሸጋ ማሰቡን ለማሳየት ይመስላል፣ መሬቷን እሱ ራሱ ለእኩል እንደሚያርስላት ተናገረ። ለእኩል ማረስ ማለት አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፣ ባለመሬቱ መሬቱን ይሰጣል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ ማለት ነው። ምንይችል ክፉ ሰው አልነበረም። ሴት አታርስም፤ ወንድ የሌለበት ቤት ወንፈል ሊመልስ አይችልም፤ ስለዚህ ለእኩል መስጠት ግድ ነው። እሱ የተናገረው ሁሉም የሚያስበውን ነው።

ሸጋ ግን ነገሩን እስከ ጫፉ ተከተለችው። ዛሬ አስማረ የኪዳኑን ተራ ከሮጠ፣ ግንቦት ላይ የኪዳኑን ተራ የሚያርሰው አስማረ ነው። ከዚያ በኋላ የኪዳኑ ቤት የሚባል ቤት በወንፈሉ የለም። መሬቷ አንዴ ለእኩል ከሄደ ደግሞ እሷ በገዛ ማሳዋ ላይ ተመልካች ትሆናለች፤ ለሷና ለልጇ የሚቀረውም ግማሽ ምርት ነው።

ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ወደ እንየው ዞረች። «ጋሼ እንየው፣ ከኪዳኑ ቤት ሰው አልጠፋም።»

«ማን አለ?»

«እኔ አለሁ።»

ትዕዛዙ፣ በዚህ አያያዝ በሬዎቹም ይመዝገቡ ብሎ ሊቀልድ ጀመረና የእንየውን ፊት አይቶ ዋጠው። እንየው ቀን ቆጠረ። ሩጫው ከአርባው በፊት ነው የሚውለው። ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ሳይወጣ ገበያ አትወጣም፣ ሠርግ አትሄድም፣ ሕዝብ በሚስቅበት ቦታ አትታይም። ይህን እሱ ሊፈታው እንደማይችል ነገራትና ወደ ነፍስ አባቷ ላካት።

አባ ገብረ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አደመጧት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይህ ሩጫ ሥራ ነው ጨዋታ?»

ሸጋ ሐሰት መናገር አልፈለገችም። «ለእነሱ ጨዋታ ነው አባ። ለእኔ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው መስቀላቸውን አሳለሟት። ሐዘንተኛን ከሥራ የሚከለክል ሕግ አላውቅም፣ ግን ልብስሽን እንዳትለውጪ፤ ሰው ሐዘንሽን እያየ ይፍረድሽ አሏት።

ሦስት ሳምንት ቀራት። ቤዛዊት የሸራ ጫማዋን ሰጠቻትና ዋናውን ምስጢር አስተማረቻት፤ ይህም ምስጢር እጅግ ቀላል ነው። ጀማሪ የሚሸነፈው በእግሩ ድካም አይደለም፤ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በመፍጠኑ ነው። ስለዚህ እየሮጡ መናገር እስከሚቻልበት ፍጥነት ብቻ መሮጥ ነው። ሸጋ የምትነግረው ሰው ስላልነበራት ቆጠረች፤ ከአማቷ በተማረችው ቁጥር፣ በአገውኛ፣ እስከ መቶ፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። መቁጠሩ ሲያቅታት ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ሰው እንዳያያት ገና ሳይነጋ ወጥታ ልጇ ሳትነቃ ትመለስ ነበር።

ሩጫው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተጀመረ። ለሩጫው የተዘጋው መኪና መንገድ የሚከፈተው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ቡድን አይመዘገብም። ምንይችል ከዳንግላ ተነሣ፣ ለትዕዛዙ ሰጠ፣ ትዕዛዙ ለቤዛዊት፣ ቤዛዊት ለአባቷ። እንየው የመጨረሻው መቀባበያ ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ አለ፤ ለስምንት ኪሎ ሜትር ይበቃል።

እዚያ ላይ ሸጋ የለመደችውን አደረገች። ከታላቅ ሰው ዕቃ ስትቀበል ምንጊዜም እንደምታደርገው ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ ዱላውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሕዝቡ ሳቀ። እንየው ትንፋሽ አጥሮት፣ በእጁ ብቻ ሂጂ ሂጂ አላት።

በልኳ ሮጠች። ኮሶበር ስትገባ ሰዓቱ ገና ነበር። ያላሰበችው ነገር የገጠማት እዚያ ነው፤ ማናቸውም አላሰቡትም፣ ቤዛዊትም ብትሆን። ኪዳኑን በወንበሩና በቅርጫቱ የማያውቅ የኮሶበር ሰው ጥቂት ነው፤ ቀብሩ ላይ ግን ሁሉም አልደረሰም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሐዘንተኛዋን የትም ይያት የት ሊያጽናናት ግድ ነው፤ ሐዘንተኛዋም ቆማ መቀበል ግድ ነው። ዝም ብላ ካለፈች ሟቹንም ሰውዬውንም ናቀች ማለት ነው።

እማማ ስሜነሽ የሚባሉ አሮጊት ሸጋን በጥቁር ልብሷ ሲያዩ እያለቀሱ መንገዱ መሐል ገቡ። ሸጋ ቆመች። አቀፏት። ሳልደርስልሽ፣ እግሬ ይዞኝ ሳልደርስልሽ እያሉ ትከሻዋ ላይ አለቀሱ። ከኋላቸው ሌሎች መጡ። ስምንት ዘጠኝ ሴቶች ተራ ይዘው ቆሙ፤ አንዷ ስታበቃ ሌላዋ ትቀጥላለች። ሸጋ ለያንዳንዷ አንገቷን ሰበረች፣ ለያንዳንዷ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ሌሎች ቡድኖች በጎን እያለፏት ሄዱ። በአዘጋጆቹ መኪና ቀድሞ የደረሰው ምንይችል ከመንገዱ ዳር ሆኖ፣ እቴ ሸጋ፣ ሰዓቱ እኮ እያለ ይለምናል፤ ገብቶ ሊያስለቅቃት ግን እሱም አልደፈረም።

እማማ ስሜነሽ ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ደረቷ ላይ ያለውን ቁጥር አዩ። «ወዴት እየሄድሽ ነው ልጄ?»

«የኪዳኑን ተራ ላደርስ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ዞር ብለው በምርኩዛቸው ሴቶቹን ገፋ ገፋ አደረጉ። «ልቀቋት። ሥራ ላይ ናት።»

ከተማውን ስትወጣ ዳገቱ መጣ። ቁጥሯን ከአንድ ጀመረች፤ ሠላሳ ሳትደርስ ትንፋሿ አቋረጣት፣ እንደገና ጀመረች። ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲቀራት ከኋላዋ ጥሩንባ ሰማች። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አውቶብሱ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ አቧራ እያለበሳት አለፈ። የሚኒባስ ረዳት ወጥቶ፣ እናት አለቀ እኮ፣ ግቢ እናድርስሽ አላት። ዱላውን አሳየችውና የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ቀጠለች።

ዘንገና መታጠፊያ ስትደርስ የመጨረሻው ገመድ ተጠቅልሏል፤ ሰዓት ያዡ መዝገቡን ዘግቶ ዳቦ እየበላ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ አልፏል። ተነሥቶ ዱላውን ተቀበላት፤ አዝናለሁ፣ መጻፍ ግን አልችልም አላት። ውጤት ሲነበብ ስማቸው አልተጠራም። ምንይችል በባጃጅ ደርሶ ይህን ሲሰማ፣ አስማረ ቢሆን ኖሮ አለና ተወው። ሸጋ ሰማችው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማውን ፈታች፤ ሊያመልጣት የሚችለው ሩጫው ብቻ ሳይሆን የኪዳኑ ቤት የወንፈል ተራም መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አርባው ወጣ። በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት የወንፈል ተራ ሊወጣ እንየው ደጅ ተሰበሰቡ። ሸጋ ሳትጠራ መጥታ ከዳር ቆመች። ምንይችል በእርጋታ ተናገረ፤ እሞክራለሁ አለች፣ ሞከረች፣ ሰዓቱ አልደረሰላትም፤ ማንም አይወቅሳትም፣ አሁን ግን ስለ እርሻ ነው የምናወራው አለ።

እንየው በጭራሮ መሬቱ ላይ አንድ መስመር ጫረ። «ወንፈል የወጣ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ጨረስክ ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል?»

ጭራሮውን መስመሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

«ትልሙን እስከ ጫፍ ሄዷል ወይ ነው የሚጠየቀው። እኔ ዱላውን ሰጠኋት። ከመንገድ አልጣለችውም። የኪዳኑ ቤት ሰው ልኳል።»

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ሸጋ ማረስ አትችልም፤ የተቀበለችውን ቀን በምን ትመልስ? በአረም አለች፣ አንድ ቀን እርሻ በአንድ ቀን አረም። ትዕዛዙ፣ አረምማ የኔ ሚስትም ታርማለች፣ በሬ አንቺን ሲያይ ይስቃል አላት። አንተንም ሲያይ ይስቃል፣ ያርሳል ግን አለችው፤ ምንይችል እንኳ ሳያስበው ፈገግ አለ። እስከ ቀትር ተከራከሩ። በመጨረሻ የድንች ቁፋሮው አንድ ቀን በአንድ ቀን፣ እርሻው ግን ሁለት ቀን አረም ለአንድ ቀን እንዲሆን ተስማሙ። ሸጋ ፍርዱ ልክ አይደለም አለች፤ ተቀበለችውም።

በዚያ ክረምት መሬቷ ለእኩል አልተሰጠም። ሦስቱ ቤቶች ሁለት ሁለት ቀን መጥተው አረሱላት። እሷም በሦስቱ ማሳ ላይ በድምሩ አሥራ ሁለት ቀን አረመች፤ ያለማቋረጥ የሚዘንብበት ሳምንት ሳይቀር። የመጨረሻው ቀን የዋለው በምንይችል ገብስ ላይ ነው። ምንይችል ቤቱ መዋል ይችል ነበር፤ ግን መጥቶ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ዋለ።