ከረግረጉ ዳር የተመታው ኮዮቴ

ዌንዴል ሶርሳ የጎረቤቱን የማርቪን ብራንትን ውሻ የገደለው ባገባ በዓመቱ ነው። ሊገድለው ብሎ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ወደ ማርቪን ጥጆች የሚያዘግም ግራጫ ነገር አየ፤ መኪናውን አቁሞ፣ ጠመንጃውን በመስኮት አውጥቶ ተኮሰ። ኮዮቴ መስሎት ነው። ኮዮቴ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ አውሬ ነው፤ ዶሮም ጥጃም ይወስዳል፣ ማንም ቢገድለው ጠያቂ የለበትም። በዚያን ጊዜ ኮዮቴ የጣለ ሰው ሬሳውን መንገድ ዳር ካለ አጥር ላይ በኋላ እግሩ አስሮ ይሰቅለው ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው፣ ማን እንደገደለው እንዲወራለት። ዌንዴልም ቸኩሎ፣ ጨለማው ውስጥ በወጉ እንኳ ሳያየው ሰቀለው።

ማርቪን ጠዋት ላሞቹን ሊያልብ ሲወጣ ዱክን ከገዛ አጥሩ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አገኘው። ዱክ ጆሮው የቆመ፣ ግራጫ፣ ትልቅ ውሻ ነበር። ማርቪን ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቤቱ ውስጥ አብሮት የሚተነፍስ ሌላ ፍጥረት አልነበረም። ገመዱን በቢላ ቆርጦ አወረደው፣ በኮቱ ጠቀለለው፣ ማታ ከተኩሱ ጋር የዌንዴልን መኪና ሰምቶ ስለነበር መንገዱን ተሻግሮ በሩን አንኳኳ። የከፈተችለት የዌንዴል ሚስት ኢርማ ነበረች።

«ባልሽ ረስቶት የሄደ ነገር ነው» አላትና በረንዳው ላይ አስተኝቶት ሄደ።

ዌንዴል ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ቡችላ ይዞ ሄደ፤ ማርቪን በሩን ሳይከፍት በመስኮት አይቶት መጋረጃውን መለሰ። አልከሰሰውም፣ አልሰደበውም፣ እጁንም አልጨበጠውም። ዌንዴል ከየእርሻው ወተት የሚሰበስብ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር በአንድ ቀን ልዩነት የማርቪን ጋጣ ድረስ መሄድ ነበረበት። ቱቦውን ይሰካል፣ ወተቱ ይገለበጣል፣ ቱቦውን ይነቅላል። ማርቪን አጠገቡ ቆሞ ላሞቹን ያነጋግር ነበር እንጂ ለእሱ ቃል አይተነፍስለትም። እንዲህ እንዳሉ፣ ፊት ለፊት እየኖሩ አረጁ።

መንደሩ ግን ዝም አላለም። የሮሊ ጃንኮ መጠጥ ቤት አርብ አርብ የተጠበሰ ዓሣ ስለሚያቀርብ አገሩ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ዌንዴል በሩን ከፍቶ ሲገባ ከባንኮኒው በኩል አንዱ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ውሾቻችሁን እሰሩ» ይላል። አንዳንዱ ይጮሃል፣ እንደ ውሻ። ዱክ ከሞተ በኋላ የተወለዱ ጎረምሶች ሳይቀሩ ይሉታል፤ ለምን እንደሚባል ያልገባቸውም ነበሩ። ዌንዴል አብሮ ይስቃል። አብሮ የሚስቅን ሰው ቶሎ ይተውታል ብሎ ነበር፤ አልተውትም።

ከዚያ ወዲህ መለየትን ተማረ። ኮዮቴ ጆሮው ረዥምና ሹል ነው፣ አፉ ቀጠን ይላል። ተኩላ ጆሮው ለጭንቅላቱ ያነሰ፣ ጫፉ ድቡልቡል ያለ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ እግሩ መቃ፣ መዳፉ የሰው መዳፍ የሚያህል። ውሻ ጅራቱን ሽቅብ ያጥፋል፤ ሁለቱ ግን ቁልቁል ይጥሉታል። የሚያስቸግረው በበረዶው ወራት ነው። ጸጉሩ የደለበ ኮዮቴ ተኩላ ይመስላል፤ ዓመት ያልሞላው ተኩላ ደግሞ ኮዮቴ ይመስላል፤ ተኩላን መግደል ደግሞ ሕግ ከልክሏል። ይህን ሁሉ ዌንዴል ያውቃል። ስላወቀም ምንም ነገር መትቶ አያውቅም። ጠመንጃውን ያነጣጥርና ጆሮውን ያያል፣ አፉን ያያል፣ ጅራቱን ያያል፣ እንደገና ወደ ጆሮው ይመለሳል። እስከዚያ አውሬው መንገዱን ይቀጥላል።

«አጣርተህ ስትጨርስ ጥይቱን በፖስታ ላክለት» ትለዋለች ኢርማ።

በየዓመቱ የካቲት ላይ ሮሊ ቤት የኮዮቴ ውድድር ይደረጋል። ከባዱን ያመጣ ያሸንፋል፤ ስሙም በጋለ ብረት ከባንኮኒው በላይ ባለው ሳንቃ ላይ ይተኮሳል። ሮሊ በወጣትነቱ ወጥመድ ያጠምድ ስለነበር ከመጠን በላይ የከበደ ነገር ሲመጣ መርምሮ የሚፈርደው እሱ ነው። ዌንዴል በየዓመቱ ይመዘገባል፤ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይመጣል። ስሙ አንዴ እዚያ ሳንቃ ላይ ቢወጣ ሌላ ስም የሚያወጡለት ይመስለው ነበር።

ዘንድሮ ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ማርቪን መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ዌንዴል ከበረንዳው በረዶ እየዛቀ ነበር፤ አካፋውን እንደያዘ ቀረ።

«ከረግረጉ ዳር የሞተች ጥጃ ጥዬ ነበር» አለ ማርቪን፣ ሰላም ሳይል። «የሚበላት ኮዮቴ አለ። እንዲህ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም።»

«ኮዮቴ?»

«ኮዮቴ።»

«ጆሮውን አይተኸዋል?»

«ከመስኮቴ ስንቴ አየሁት። ሹል ነው። አፉም እንደ ቀበሮ ነው። እኔ ጉልበቴ በረዶ አይችልም። ቅዳሜ አይደል ውድድራችሁ? ሂድና ምታው።»

«እኔ?»

«ካልፈለግክ ተወው» አለና ማርቪን ተመለሰ።

ዌንዴል ቤት ገባ። ኢርማ ሁሉንም በመስኮት አይታለች።

«ምን ፈለገ?»

«ኮዮቴ ሰጠኝ።»

«ማርቪን? ላንተ? ሠላሳ ምናምን ዓመት እንደምን አደርክ ያላለህ ሰውዬ?»

«ለዚህ እኮ ነው» አለ ዌንዴል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከጥድ ሥር በሆዱ ተኝቶ ነበር። ጥጃዋ ግማሽዋ በረዶ ውስጥ ነው። አውሬው ከረግረጉ በኩል ሳይቸኩል መጣ። መጀመሪያ ያየው እግሩን ነው፤ ረዥም ነበር። ጆሮውን ፈለገ። አጭር መሰለው፤ ነፋሱ ጸጉሩን ቀና አድርጎት ይሆናል አለ። አፉን አየ። ሰፊ መሰለው፤ ማርቪን ግን እንደ ቀበሮ ነው ብሎታል፣ ደጋግሞ ከመስኮቱ አይቶታል። አውሬው ቀና ብሎ ወደ ጥዱ ተመለከተና እንደገና መብላቱን ቀጠለ። ኮዮቴ ቢሆን ይሮጥ ነበር። ይህንንም ዌንዴል ያውቃል።

በሌላ ቀን ቢሆን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን መጠራጠር ማርቪንን ውሸታም ማለት ሆነበት፤ ያውም ስንት ዘመን ቆይቶ አፉን በከፈተለት ሳምንት። ተኮሰ።

ጥይቱ ወደ ኋላ ሳተ። አውሬው ዞሮ የገዛ ጎኑን ነከሰ፤ ከዚያም በፊተኛ እግሮቹ ብቻ እየተጎተተ ወደ ረግረጉ መሄድ ጀመረ፤ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት በረዶው ላይ ሁለት ቦይ እያወጡ ተከተሉት። ዌንዴል እየሮጠ፣ እየወደቀ ደረሰበት። አውሬው አላጉረመረመም። ጠመንጃውን ሳይሆን ፊቱን እያየው ነበር። ከቅርብ ተኮሰበት።

ጓንቱን አውልቆ መዳፉን በአውሬው መዳፍ ላይ ገጠመ። ልክ ለልክ ሆነ። በረዶ ተጋግሮበት ነው አለ፤ በጣቱ ፈልፍሎ አረገፈው፤ አሁንም ልክ ለልክ ነው።

ማርቪን ተኩሱን ሰምቶ በትራክተሩ መጣ። ከመቀመጫው ሳይወርድ ብዙ ጊዜ ቁልቁል አየው።

«ጆሮው» አለ ዌንዴል፣ «አላጠረም?»

«ሞቶ ነዋ። የሞተ ነገር ምኑ ይቆማል?»

«መዳፉንስ እየው።»

«ዌንዴል» አለ ማርቪን። ስሙን ከአፉ ሲሰማ ዌንዴል ቀና አለ። «ኮዮቴ ነው።» ከትራክተሩ ላይ እጁን ዘረጋለት።

ዌንዴል በሁለት እጁ ጨበጠው። ዓይኑን እንባ ሞላው፤ ብርዱ ነው አለ ሳይጠየቅ። ማርቪን፣ «አዎ፣ ይበርዳል» አለው።

ከሰዓት በኋላ ሮሊ ቤት ጢም ብሎ ነበር። ዌንዴል አውሬውን በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ ጫጫታው ቀስ በቀስ ሞተ። እስከዚያች ሰዓት የሚመራው ኮዮቴ ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ነበር። ይህን ሚዛኑ ላይ ሲሰቅሉት መርፌው ስልሳ አንድ ላይ ቆመ። ሮሊ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ ለቀቀው። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አየ። መዳፉን አንስቶ አስቀመጠ። ከዚያ ጥጉ ጋ ብርጭቆውን ይዞ ወደተቀመጠው ማርቪን ዞረ። ማርቪን ጭንቅላቱን በአዎንታ በጥቂቱ ነቀነቀ።

«ምን ትላለህ፣ ሮሊ?» አለ ዌንዴል።

«ከባድ ነው» አለ ሮሊ።

አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። የአሸናፊውን ቆብ ደፉለት፣ ከአውሬው ጎን አቁመው ፎቶ አነሱት፤ ወዲህ ዙር፣ ጭንቅላቱን ያዘው፣ ሳቅ እንጂ እያሉ። ብዙዎቹ ወጥመድ ያጠመዱ፣ ቆዳ የገፈፉ ሰዎች ናቸው፤ የሚሰቀለውን ነገር ምንነት ለማወቅ የሮሊን ጣት አይጠብቁም።

«ደግነቱ የአንገት ማሰሪያ የለውም» አለ አንዱ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ዌንዴል ነበር።

ሮሊ ብረቱን ምድጃ ውስጥ ከተተው። ገና ሳይግል የዱር እንስሳት ጠባቂዋ ገባች። ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ፣ ማንንም ሳትጠይቅ በቀጥታ ወደ ሚዛኑ ሄደች። የሮሊን ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ዓመት ያልሞላት ሴት ተኩላ ናት» አለች። «ማን ነው የገደላት?»

ቆቡን የደፋው አንድ ሰው ብቻ ነበር። «እኔ ነኝ» አለ ዌንዴል።

«ምን መስላዎት?»

«ኮዮቴ።»

ከበስተኋላ አንዱ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ውሾቻችሁን እሰሩ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያባራ ጎኑን ይዞ የቀረ ሽማግሌ ነበር፤ ሮሊ ውሃ ሰጠው።

ጠባቂዋ አልሳቀችም። «አቶ ሶርሳ፣ ኮዮቴ ነው ያለዎት ሰው አለ? ካለ አሁን ይንገሩኝ፤ ለእርስዎም ይቀልልዎታል።»

ዌንዴል ወደ ጥጉ አየ። ማርቪን ዓይኑን አላሸሸም፤ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ነበር።

«ማንም የለም» አለ ዌንዴል። «እኔው ነኝ ያልኩት።»

ጠመንጃውንና የአደን ፈቃዱን ተቀበለችው፤ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን ነገረችው። ተኩላዋን ሁለት ሰዎች መኪናዋ ላይ ጫኑላት። ሮሊ ብረቱን ከእሳቱ አውጥቶ የሠላሳ ስምንት ፓውንዱን ሰውዬ ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀ።

ዌንዴል ሲወጣ ማርቪን ደጅ ላይ የመኪናውን መስታወት በረዶ እየፋቀ ነበር።

«እያወቅክ ነው?» አለው።

«አዎ።»

«የደወልክላቸውም አንተ ነህ?»

«ትራክተሩን ሳላስነሳ ነው የደወልኩት።»

ዌንዴል ቆቡ አሁንም ጭንቅላቱ ላይ እንደሆነ ትዝ አለው፤ አውልቆ በእጁ ያዘው። «ስምህን አልጠራሁም።»

«ሰማሁ።»

«ስለዚህ አለቀ፣ ማርቪን? ተካካስን?»

ማርቪን መፋቁን አቆመ። አላላገጠበትም፤ እውነቱን ነው ያሰበበት።

«እኔ እንጃ» አለ። «ጠዋት ስነሳ አየዋለሁ።»

ኢርማ ያን ማታ ምንም አልጠየቀችውም፤ ስልኳ ሁሉንም ነግሯታል። በማግስቱ ስትነሳ ዌንዴል ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ተቀምጦ አገኘችው። እንቁላል ጠበሰች፣ ድንች ጠበሰች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ከመንገዱ ማዶ ማርቪን ከጋጣው ወጣ፤ ጥጆቹን አበላ፣ ባልዲውን አጠበ፣ እጣቢውን በረዶው ላይ ደፋ። ወደዚህ ቀና አላለም። ወደ ጋጣው ተመልሶ ገባ።

«ና እንጂ፣ ምግቡ በረደ እኮ» አለችው ኢርማ።

«ቆይ» አለ ዌንዴል። «አሁን ገና መነሳቱ ነው።»