ደባርቅ፦ ተራው የጠፋ ሰሞን

ከባለቤቴ ከሙሉቀን ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ጄሪካን መሙላት ነው። ውኃ ጠፍቶ ከሰነበተ በኋላ መጥቶ ነበር። እሱ ጎማውን ጄሪካኑ አፍ ላይ ይይዛል፣ እኔ ቧንቧው ዘንድ ቆሜ «በቃ!» ሲለኝ እዘጋለሁ። መሀል ላይ ከደባርቅ ደንበኞቻችን ደወሉለት። መብራት ጠፍቶ መጥቷል፣ የተከልንላቸው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ግን አልተነሣም። ስልኩን በትከሻው ደግፎ «ቆዩ፣ ትንሽ ይተንፍስ» አላቸው። ጄሪካኖቹን ሞልተን ስንጨርስ ላፕቶፑን ከፍቶ ከቤት ሆኖ አስነሣላቸው። በማግስቱ በድንገት አረፈ።

ጎንደር ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለን። ለደባርቅ በቅሎ አከራዮች ማኅበር፣ እንግዳ ሲመጣ የማን በቅሎ እንደሚወጣ ተራ የሚይዝ ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማሽኑን የገጣጠመውና የሚከታተለው እሱ ነበር። ድሮ ተራው በወረቀት ሲያዝ አንድ ስም በተሰረዘ ቁጥር ዱላ ይመዘዝ ነበር አሉ።

ሊቀመንበሩ አቶ ቢተው ሲደውሉ አርባው አልወጣም። «እህቴ፣ በሐዘንሽ ላይ መድፈር ሆነብኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ብዙ እንግዳ መጥቶልናል፣ ከነገ ወዲያ ወደ ተራራው፣ ወደ ሳንቃ በር ይወጣል። ማሽኑ ግን አልነሣ ብሏል። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተራው ካልተገኘ ዕጣ እንጥላለን።» ዕጣ ከተጣለ ባለፈው ሳምንት የሠራው ደግሞ ሊወጣለት፣ ወራት የጠበቀው ሊቀር ነው። ከጀርባቸው አንድ ድምፅ ጮኸ፦ «ሟቹ ተራችንን ይዞት ሄዷል በሏት!»

የደባርቅ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ከቤት ሆኜ ማየት አልቻልኩም። መሄድ ነበረብኝ።

«ከሐዘን ቤት ወዴት ትወጫለሽ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ የሙሉቀን እህት።

«የሚለውንማ ብሎታል» አልኳት።

በመንገድ ላይ

በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ነጋዴዎች የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ጣሪያው ላይ መጫን ጀመሩ። ረዳቱ «አምስት ደቂቃ፣ እናቴ!» ካለኝ በኋላ ሌላ ጆንያ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ገብሱ በግራና በቀኝ ቢጫ ሆኗል። እኔ የማየው ሰዓቴን ነበር።

ዳባት ላይ ፍተሻ ስለነበር ወረድን። ሃያ ብር ከፍዬ ሻይ አዘዝኩ። ሻይ ሻጯ ጥቁር ልብሴን አይታ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች።

«ባለቤቴ።»

«እግዜር ያጥናሽ» አለችና ብሩን መለሰችልኝ። ሻዩን መጨረስ አልቻልኩም።

ደባርቅ

ደባርቅ የደረስኩት ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ይገፋል። የማኅበሩ አጥር ዙሪያውን በቅሎ ታስሮበታል፣ በሩ ላይ ደግሞ ዱላ የያዘ ሰው ሞልቷል። አንድ ረጅም ሰው ጋቢውን አጣፍቶ መግቢያውን ዘጋብኝ። በስልክ ከአቶ ቢተው ጀርባ ሲጮህ የሰማሁት ድምፅ የእሱ ነበር። ስሙ አለበል ነው።

«ባልሽ ማሽን ብሎ አመጣብን። ከሰኔ ጀምሬ የጠበቅኳት ተራ ናት፣ አሁን የት አባቴ ልፈልጋት?»

«አሳልፈኝና ልፈልግልህ» አልኩት።

ገለል አለልኝ፣ ገብቼ ማሽኑን አበራሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ስሙንና ተራውን የያዘው ዳታቤዝ ግን አልተነሣም። መረጃው የሚቀመጥበትን ማኅደር ከፈትኩ። ባዶ ነው።

«እንደ አዲስ መክፈት አይቻልም?» አሉ አቶ ቢተው።

ይቻላል። አንድ መስመር ብጽፍ አዲስ ዳታቤዝ ይከፈታል፣ አንድም ስም የሌለበት። ከመጻፌ በፊት ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞር ስል ምንም ያልተሰካበት ገመድ አየሁ።

«እዚህ ላይ ጥቁር ሃርድ ዲስክ ነበረች። የት ናት?»

«እሷማ መሪጌታ ዘንድ ናት» አለ አለበል።

ማሽኑ አልነሣ ሲል ሁለት ወገን ሆነው «ተራውን ለወጣችሁ» እየተባባሉ ተካሰዋል። ተራው ያለው በዲስኳ ውስጥ መሆኑን ያወቀ ሰው ነበር። እንደማንኛውም ጠብ ያለበት ንብረት ነገሩ እስኪታይ ድረስ ነቅለው በሦስተኛ ሰው፣ በመሪጌታ እጅ አኖሯት።

«በሽማግሌ ፊት ነው የተነቀለችው» አሉ አቶ ቢተው፣ ሊመሰገኑ እንደሚገባ ሰው።

«በስልክ አልነገሩኝም እኮ!»

«አልጠየቅሽንማ።»

ሰው ተልኮባቸው መሪጌታ ሲመጡ ስምንት ሰዓት አልፏል። ዲስኳን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋታል።

«ሁለቱም ወገን ካልፈቀደ አልሰጥም» አሉ።

«አባቴ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ነው» አልኳቸው።

«አደራ ሰዓት አያውቅም፣ ልጄ።»

አንዱን ወገን ጠየቁ፣ «ይሁን» አለ። ስለ ሌላው ወገን ወደ አለበል ዞሩ። እሱ እኔን ቆይቶ ተመለከተኝና «ይሁን» አለ።

ሰካሁና ማሽኑን እንደገና አስነሣሁ። ዳታቤዙ አሁንም አልተነሣም።

«አላልኳችሁም?» አለ አለበል። አንድ ሰው የዕጣውን ወረቀት ባርኔጣ ውስጥ መክተት ጀመረ።

ማኅደሩን ከፈትኩ። አሁን ሞልቷል። መረጃው አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አላገኘውም። ያን ጊዜ ሙሉቀን በስልክ «ትንሽ ይተንፍስ» ያለው ትዝ አለኝ። ማሽኑ ሲበራ ዳታቤዙ ሊነሣ የሚሞክረው ዲስኳ ሳትነቃ ነው፣ መረጃውን ፈልጎ ያጣና ይተወዋል። ሙሉቀን መብራት በመጣ ቁጥር ዲስኳ እስክትነቃ ጠብቆ በእጁ ያስነሣው ነበር። እንዲያ አድርጌ በእጄ አስነሣሁት። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ፣ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። የመረጃውን ቅጂ በፍላሽ ያዝኩ። ከዚያ ዳታቤዙ ዲስኳ እስክትነቃ እንዲጠብቅ የሚያዘውን መስመር ጻፍኩ።

«አሁን ላጠፋው ነው» አልኩ።

አለበል ማብሪያውን በእጁ ከለለ። «ተገኝታ የለ! ተያት እንጂ!»

«ጠፍቶ በራሱ ካልተነሣ አልተሠራም። እኔም እንደ ባለቤቴ ልሞት እችላለሁ።»

እጁን አነሣ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ዱላ የያዙት ሁሉ ስክሪኑን ከበቡት። ከውጭ በቅሎ ብቻ ይሰማል። ጥቁር፣ አሁንም ጥቁር። ከዚያ ማንም ሳይነካው ስሞቹ መጡ። ከሁሉም በላይ የአለበል ስም ነበር።

«ሙሉቀን ነበር ስሙ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍሱን ይማር። ክፉ ተናገርኩ።»

መልስ

በማግስቱ ጎንደር ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ትንሽ ነው። ሙሉቀን ያለ እሱ የማይነሣ ነገር ትቶ የሄደው ነገም እኖራለሁ ብሎ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነን።

አሁን ደባርቅ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚደውልልኝ የለም። ውኃ ሲመጣ ጎማውን በጨርቅ ከጄሪካኑ እጀታ ጋር አስራለሁ፣ ሊሞላ ሲል ሄጄ ቧንቧውን ራሴ እዘጋለሁ።