ለአርየት የሞላሁላት ምርጫ

ከጋምቤላ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ስደት ሲባል ሰው ሁሉ ጨለማና ደላላ ነው የሚታየው፤ እኔ ግን ትኬቴን ይዤ፣ አባቴ ሻንጣዬን እየጎተተልኝ፣ እንደ ጨዋ ልጅ በአውሮፕላን ተሰደድኩ። ከጋምቤላ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጁባ። ጨለማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ፊቴ አይታይም።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሴቶች የሚፈተሹባት በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ቦታ አለች። ገባሁ። ፈታሿ አርየት ናት። እዚያ እንደምትሠራ አውቅ ነበር፤ የዚያን ቀን ፈረቃዋ እንዳይሆን ለገብርኤል ሻማ ሁሉ ተስዬ ነበር። ገብርኤል ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

አርየትን ለማታውቋት ልንገራችሁ። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች የኢታንግ ልጅ ናት፤ አኝዋክ ናት፤ ለትምህርት ብላ ባሮ ዳር አክስቷ ቤት ነበር የምትኖረው። ከክፍሉ አንደኛ እሷ ነበረች። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ሚዛኑ አልመጣም» የምትለው እሷ ብቻ ነበረች። እሱም ይኮራባት ነበር፤ ከእኔ ይልቅ፣ እውነቱን ለመናገር።

«እጅ ወደ ላይ» አለችኝ እየሳቀች። ብብቴን፣ ወገቤን፣ ኪሴን ዳበሰች። ድሮ ወንዝ ዳር እንደምታደርገው ጎኔን ኮረኮረችኝ። ሳቅኩ መሰለኝ። ከዚያ ከወንበሯ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። ደረቅ ዓሣ ነበር። «እናቴ ናት የላከችልሽ። እዚያ የምትበላው ታጣ ይሆናል ብላ ነው» አለችኝ።

እናቷ! ወይ ጉዴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልልም፤ እንደዚያ የሚሉት ሰው ሲያውቅባቸው ነው። እኔን ማንም አያውቅብኝም ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ቀን አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣና ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አገኘን፤ እሷ እንደ ልማዷ ከፍ አድርጋ፣ እኔ ለጥቂት። ቀጥሎ ያለው ሥራ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል መርጦ በኢንተርኔት መሙላት ነው። ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ያቺ ገጽ ላይ አንደኛ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የሚቀጥለውን አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ዕድሜያችሁን ይወስነዋል።

አርየት ሐሳቧን አልደበቀችኝም። ባሮ ዳር ልብስ እያጠብን ነው የነገረችኝ። እናቷ አስም አለባት፤ ክረምት ሲገባ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አባቷ የሉም። ታናሿ አጁሉ ያኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ስለዚህ እዚሁ ከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ ከደረሳት ትማራለች፣ ሌላ ቦታ ከሆነ ግን አትሄድም። ሁለታችንም የከተማችንን አንደኛ ልናደርግ ተስማማን። እኔ ቀሚስ እየጨመቅኩ «እሺ» አልኩ። አፍ ምን ይከብደዋል?

ቤት ስገባ አባቴ ሌላ ወሬ ይዞ ጠበቀኝ። እሱ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሃያ ዓመት ያስተማረው እኔ ደጋ ወጥቼ ሰው እንድሆን ነው፤ እሱ የተወለደበት አገር ያለውን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ አድርጊ አለኝ። አልተከራከርኩትም። ልቤም እዚያው ነበር። ጋምቤላ ተወልጄ፣ ጋምቤላ አድጌ፣ ባሮ ውስጥ ዋና ተምሬ፣ ስለ ጋምቤላ ግን እንደ መንገደኛ ነበር የማስበው።

የምርጫው ሳምንት እናቷ ታመመችና አርየት ኢታንግ ሄደች። ኢታንግ ያኔ ኔትወርክ የለም። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል የፈተና ቁጥሯንና የይለፍ ቃሏን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። «እንደተነጋገርነው ሙይልኝ» አለች። ላቤ እንዳያጠፋው መዳፌን እየነፋሁ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ።

መጀመሪያ የራሴን ሞላሁ። ሩቁን አንደኛ። ከዚያ የእሷን ከፈትኩ። እና የእሷንም ሩቁን አንደኛ አደረግኩት። የከተማችንን የት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ? መጨረሻ ላይ። እንዳይደርሳት።

ለእሷ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት እዚህ ባክኖ ይቅር እንዴ? እናቷን አክስቷ ታያታለች፤ አንዴ ከተመደበች መሄዷ አይቀርም፤ በኋላ ታመሰግነኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የሞላሁት። እውነቱ ግን ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ነው። ያለ እሷ አንድም ፈተና ተቀምጬ አላውቅማ! ከዚህም የባሰ እውነት አለ፤ እሱን ለመጻፍ ነው ሁለት ቀን የፈጀሁት። ለእሷ የሚበጃትን ከእሷ ይልቅ እኔ አውቃለሁ ብዬ አምኜ ነበር። የመምህር ልጅ፣ ደገኛ፣ ቀይ። ቤታችን ማንም በአፉ አላስተማረኝም፤ ግን ተምሬዋለሁ።

ምደባው ወጣ። ሁለታችንም ሩቅ። አርየት ስሟን ሦስት ጊዜ አነበበችና «መንግሥት ያመጣው ነው» አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ የምር ነው ያለቀስኩት፣ በድንጋጤ። እሷ አባበለችኝ። ትከሻዬን ይዛ «አታልቅሽ ቲጂ፣ አንቺ ሂጂ» አለችኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት ነው ይሄ፤ እጇ ትከሻዬ ላይ አሁንም አለ።

እሷ አልሄደችም። እንዲቀየርላት የሚመለከተው ቢሮ ወር ሙሉ ተመላለሰች፤ ጊዜው አልፏል አሏት። እኔ ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ከየት ነሽ ሲሉኝ ከጋምቤላ ስል «አትመስዪም» ይሉኛል። ቆዳዬን አይተው፣ ዋሸሽ እንደማለት። አንድ ሁለት ወር ታገልኩና ተውኩት፤ የአባቴን አገር ስም እየጠራሁ አራት ዓመት ተማርኩ። በማኔጅመንት ለጥቂት ተመረቅኩ። ተመልሼ አንድ ዓመት አባቴ ቤት ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። አርየት በየሳምንቱ ከፈረቃዋ ስትመለስ ትጠይቀኝ ነበር፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው እንድነግራት ትፈልጋለች። ላይብረሪው ስንት ፎቅ ነው? ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ምን አለ? እኔ አንዴም ላቦራቶሪ አልገባሁ! ጁባ ሆቴል ያለው የአገራችን ሰው ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል አፍታ አልቆየሁም። ሰዉ ሥራ ፍለጋ ሄደች አለ። ከጥያቄዋ ሸሽቼ ነው።

ጁባ ምን ትመስላለች አትሉኝም? ሙቀቱ ያው የኛው ነው፤ ማንጎው ያው ነው፤ አሲዳ የሚሉት ገንፏቸው የአርየት እናት ኢታንግ ስንሄድ ከምታቀርብልን የበቆሎ ገንፎ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ባጃጅ ለለመደ ሰው የእነሱ ሞተር ሳይክል ልብ ያወልቃል እንጂ ሌላው አይከፋም። ወንዙም አለ፣ ነጭ ዓባይ። መጀመሪያ ሰሞን ዳር ዳሩን እየሄድኩ ባሮ እዚህ ውስጥ አለ እያልኩ እጽናና ነበር። ኋላ አንድ የውኃ ቦቴ ሹፌር ሳቀብኝና፣ ባሮ የሚቀላቀለው ከዚህ ወርዶ ወርዶ ማላካል ጋ ነው፣ ወደ ጁባ አይመጣም አለኝ። ጂኦግራፊም ደብተሬን የምትሠራልኝ አርየት ነበረች።

የውጭ ዜጋ መመዝገቢያ ቢሮ የገጠመኝን ስሙ። ሎጋ ሰውዬ ነው፤ ዓረብኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀለ የት ተወለድሽ አለኝ። ጋምቤላ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የጋምቤላ ሰው ዘመዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ዘመዱን አልመስልም። ወረቀቴን ገለባብጦ አየው፣ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። እዚያም አልመስል፣ እዚህም አልመስል። ሲጨንቀኝ በኑዌር «ማሌ» አልኩት፤ ሰላምታ ነው፣ ጋምቤላ ሱቅ የሚልኩት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሳቀና ጻፈልኝ። ከዚያ የተማርሽው ምንድን ነው አለኝ። ማኔጅመንት አልኩት።

«አሁን ምን ታስተዳድሪያለሽ?»

«የክፍል ቁልፍ» አልኩት። እሱንም ጻፈው።

ያቺን ዓሣ አልበላኋትም። አራት ወር ሳጥኔ ሥር አስቀምጬ ልብሴ ሁሉ ኢታንግ ኢታንግ ሸተተ። መጨረሻ ላይ የተከራየሁባት ሴትዮ፣ ማማ ሮዝ የምንላት፣ አይጥ የሞተ መስሏት አውጥታ ጣለችው። ማማ ሮዝ ደግ ሴት ናት፤ ችግሯ ደግነቷ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ለሦስት ቀን ያቦካሁት ሊጥ የለም። ተበላሽቶ አረፋ አወጣ ብላ ደፍታ፣ ባልዲዬን አሽታ አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ ጠበቀችኝ። ጮህኩባት። ማን ጠየቀሽ፣ የኔን ነገር አንቺ ምን አውቀሽ፣ እኔን መጠየቅ አይቀድምም ወይ፣ ያልኩትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም። ደንግጣ ቆመች። «ለአንቺ ብዬ ነው» አለችኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እዚያው ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ማማ ሮዝ ለሊጡ ያለቀስኩ መስሏት የራሷን ዱቄት ይዛልኝ መጣች።

ከዚያ በኋላ ለአርየት ልነግራት ስንት ቀን ስልክ አነሳሁ መሰላችሁ። እናትሽ እንዴት ናት፣ ደህና ናት፣ ቲቸር እንዴት ናቸው፣ ደህና ነው፤ ይኼው ነው። ሰላምታ ስናበዛ ካርዱ ያልቃል፤ እኔም ካርዱ ስላለቀ ነው እላለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት እሷው ደወለች። እንግዳ መቀበያው ላይ ብቻዬን ነበርኩ።

«ቲጂ፣ አጁሉ አለፈች።»

በዚህ ዘመን አሥራ ሁለተኛን ማለፍ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እልል አልኩ፣ አንድ እንግዳ ከነፎጣው ወጥቶ አየኝ። አርየት አላስቆመችኝም፤ ስጨርስ ቀጠለች። የምርጫ መሙያው ዛሬ ይዘጋል፤ ጋምቤላ ላይ ስልኩ ይሠራል እንጂ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሳምንቱ ነው። «አንቺ ጋ አለ አይደል? ሙይላት» አለችኝ።

«አርየት» አልኳት፣ «እኔ እንድሞላላት አትፈልጊም። ያኔ እኮ...»

«አውቃለሁ» አለች።

የእንግዶቹን መዝገብ ዘጋሁት።

«ቢሮ ስመላለስ ሰውዬው ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ። ይኸው አንደኛ ምርጫሽ አለኝ። የኛ ደግሞ መጨረሻ። እኔ አልሞላሁትም። ማን እንደሞላው አውቃለሁ።»

ያኔ! እኔ አውቶቡስ ሳልሳፈር። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አብረን በላን፤ ስንት ጊዜ ላይብረሪው ስንት ፎቅ ነው አለችኝ። መጋረጃው ውስጥ ብብቴን ስትዳብስ ታውቅ ነበር። ዓሣውን ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት።

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ። ኤርፖርት እንኳ አሁን ትነግረኛለች ብዬ ፍተሻውን አስረዘምኩት። ከኋላሽ ሰው ተቆጥቶ ነበር።» ከዚያ «አጁሉ አጠገቤ ናት። ጻፊ» አለች።

ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት። አጁሉን የማውቃት ጥርሷ ወልቆ ነው፤ ድምፅ አውጥታለች። ቁጥሯን ነገረችኝ፤ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ገጹ ተከፈተ። አንደኛ ማንን ላድርግልሽ አልኳት።

«ሩቁን» አለችኝ። እኔ የተማርኩበትን።

ምላሴ ላይ የመጣውን ብታውቁ። እናትሽስ፣ እህትሽስ፣ እዚያ ብርድ ነው፣ አትመስዪም ይሉሻል፣ የከተማችን ይሻልሻል። ሁሉም መጣ። አሁንም የሚበጃትን እኔ አውቃለሁ! አፌን ያዝኩ።

«አንደኛ፣ ሩቁ» ብዬ አነበብኩላት። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ መጨረሻው እንዳለችኝ ሞላሁ። መልሼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። ከመላኬ በፊት እንደገና አነበብኩላት። ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ ይህቺ ሴትዮ ምን ሆናለች ሳትል አትቀርም።

አርየት ስልኩን ተቀበለቻት። «ስንት ጊዜ አነበብሽላት?»

«ሦስት።»

«አሁን ገና ተማርሽ» አለችኝና ተዘጋ። እሷ ትዝጋው፣ መስመሩ ይቆረጥ፣ አላውቅም። እየሳቀች ይሁን አይሁን እሱንም አላውቅም።

ይቅርታ አላልኳትም። ያን ሁሉ ሳነብ ያቺን አንዲት ቃል ሳልላት ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ቅዳሜ ከምሳ በፊት አውሮፕላን አለ። መጋረጃው ውስጥ ሆና ለሌላ መንገደኛ እጅ ወደ ላይ እያለች ይሆናል።