የስልሳ አምስት ግንቦት እትም

አቶ አሳምነው ሆላንድ አገር፣ ዲመን በምትባል ከተማ ውስጥ ከእኔ ቤት ጎን ይኖራሉ። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ሳላቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን ያጸዱ ነበር። አላገቡም። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጨዋወት እሳቸው የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አንገታቸው ዘግተው ወደ ባቡር ጣቢያ ይሄዳሉ።

የልጅነታቸውን ነገር ያጫወቱኝ ምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ስንጠብቅ ነው። አባታቸውም ቦሌ አውሮፕላን ያጸዱ ነበር። ከለንደን በሚመጣው አውሮፕላን ወንበሮች ላይ የፈረንጅ ልጆች ጥለውት የወረዱትን የሥዕል መጽሔት አጥፈው፣ ኮታቸው ውስጥ ደብቀው ለልጆቻቸው ያመጡ ነበር። በየሳምንቱ የሚወጣ የእንግሊዝ መጽሔት ነው። ወረቀቱ ሻካራ፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ አንዳንድ ገጽ ላይ ብቻ አረንጓዴ ጣል ጣል ይደረግበታል። ጀግናው ጭጋግ ለባሹ ይባላል። በካባው ሲጠቀለል ጭጋግ ሆኖ በበር ስንጥቅ ያልፋል።

«አረንጓዴው ከመስመሩ ወጣ ብሎ ነበር የሚታተመው» አሉኝ። «የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው። እኛ ግን ኃይሉ ከላዩ ላይ የሚተን ይመስለን ነበር።»

ታሪኩ ሁልጊዜ ክፉ ቦታ ላይ ይቆምና ከሥሩ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። የሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣው ግን አንድ ልጅ መጽሔቱን ወንበሩ ላይ ከረሳው ብቻ ነው። በስልሳ አምስት ግንቦት በመጣው እትም፣ ጭጋግ ለባሹ ከወንዝ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ የመስተዋት ሣጥን ተዘጋበት። ካባው ራሰ። ውሃው አገጩ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አንድም እትም አልመጣም።

ታናሽ ወንድማቸው ፊልሞን «ይወጣል» አለ። እሳቸው «ካባው ከራሰ አለቀለት» አሉ። አንድ አልጋ ላይ እየተራገጡ ተከራከሩ። ፊልሞን ሁለተኛ ደረጃ ከገባ በኋላ እንኳን በር ላይ ሲያገኛቸው «አሁንም ሞቷል ነው የምትለው?» ይላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ ጠዋት ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

«ማናችን ልክ እንደነበርን ብቻ ባውቅ» አሉኝ።

ለዚህ ብለው ሮተርዳም ድረስ ሄደው ነበር። ሮቢ የሚባል፣ እናቱ እንግሊዛዊት የሆነች ሰው አሮጌ የሥዕል መጽሔቶች የሚሸጥበት ሱቅ አለው። የመጽሔቱን ስም ነግረው የስልሳ አምስትን፣ የግንቦትንና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጠየቁት። ሮቢ ሳቀ።

«ሜኔር፣ ጌታዬ፣ በስልሳ አምስት መጽሔቱ መች ተወለደ? የወጣው በሰባ አንድ ነው። በሕልምዎ አንብበውት እንዳይሆን!»

ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ላይ ያለውን ካልሲ ደጋግመው ያጥፉት ነበር። «እህት ዓለምወርቅ፣ ጭንቅላቴ ሄዷል ማለት ነው። ከፊልሞን ጋር የተከራከርኩት ባልነበረ ነገር ነው?»

«የቱን ስልሳ አምስት ነው የነገሩት?» አልኳቸው።

«ስልሳ አምስት ነዋ! ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።»

«የእኛን ነው ወይስ የእነሱን?»

ካልሲውን አስቀመጡት። ቀስ ብሎ ገባቸው፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

«ግንቦትን ሜይ ብለው ቀይረው ዓመቱን ምነው ተዉት?»

«ዓመቱን ማን ይቀይራል?» አሉ። «ያ ዓመት የእኛ ነው።»

ብቻቸውን ለመሄድ አፍረው ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ። ሮቢ ነገሩን ሲሰማ «ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ አገር!» አለ።

«እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት» አሉት አቶ አሳምነው።

በፕላስቲክ የተሸፈኑ መጽሔቶች አመጣ። በሽፋኑ ጥግ ላይ ጋዜጣ አዳዩ በእርሳስ የጻፈው የቤት ቁጥር ነበር፤ አንድ ልጅ በየሳምንቱ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው። ከግንቦቱ ቀጥሎ የወጣው እትም ሽፋን ላይ በትልቁ «ታላቅ የምሥራች ለአንባቢዎቻችን!» ይላል።

«እንዲህ ካሉ ሊዘጉት ነው» አለ ሮቢ። «ከሌላ መጽሔት ጋር ይቀላቅሉትና የምሥራች ይሉታል። ይሄ የመጨረሻው ነው።»

ስለዚህ ታሪኩ በግማሽ ገጽ ተጨርሷል። በአንደኛው ሥዕል ውሃው ሣጥኑን ሞልቶታል። በሚቀጥለው ጭጋግ ለባሹ ድልድይ ላይ ቆሞ ካባውን ይጨምቃል። በመካከሉ ምንም የለም።

«ወጣ» አሉ አቶ አሳምነው በአማርኛ።

ሮቢ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ገዝተው ወጣን። በባቡሩ መጽሔቱን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ቦዮቹና የአትክልት መስተዋት ቤቶቹ አለፉ።

«ደስ አላለዎትም?» አልኳቸው።

«አለኝ እንጂ። ግን እኔና ፊልሞን ክርክሩን እስከ ዛሬ አልጨረስንም ነበር። ጢሜን ስላጭ እንኳን እመልስለት ነበር፤ ካባው ከራሰ እንዴት አድርጎ፣ እያልኩ። አሁን ልክ ነበርክ ብዬው ሌላ ምን እለዋለሁ?»

ሻንጣዬ ውስጥ ብርቱካን ነበረኝ፤ ልጬ ግማሹን ሰጠኋቸው። አንድ አንድ ፍሬ እየለዩ በሉ።

በየበራችን ስንደርስ ቁልፋቸውን አውጥተው ሳይከፍቱ ቆሙ።

«እንዴት እንደወጣ ግን አልጻፉም» አሉ።

«አልጻፉም።»

«ታዲያ ፊልሞን በምን አወቀ?»

የመተላለፊያው መብራት ሰው ካልተንቀሳቀሰ በራሱ ይጠፋል። ጠፋ። ሁለታችንም እንዲበራ ብለን እጃችንን አላነሳንም።