በሩ የማን ነው?

መሐል ሜዳ ከተማ፣ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ «የሥራ ሂደት» የተባሉበት ዘመን ነበር፤ ስማቸው ተቀየረ፣ ጠባያቸው ግን እንዳለ ቀረ። አንድ ጠዋት ገና ቢሮዬ እንደገባሁ የመንዝ ነፋስ በሩን እየበረገደ ቢያስቸግረኝ ከውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉ እዚያው ተሰብሮ ቀረ።

«ክፈቱልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ባልደረቦቼ ተሰበሰቡ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ፣ «በር ከግድግዳ ጋር የተሠራ ነው፤ ንብረት አይባልም» አለ። የግዢው ደግሞ፣ «ካልተሰበረ አዲስ አንገዛም፤ ሳንገዛ ደግሞ አይሰበርም» አለ።

«ስበሩት በቃ!»

«የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ሳይፈቅድ? ማን ሊጠየቅ?»

«ኃላፊው እኔ አይደለሁ እንዴ!»

የሰው ኃይል ክፍሏ ወይዘሮ በትሕትና ተናገሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ዛሬ የሰዓት ፊርማ አልፈረሙም፤ ቀሪ ነዎት።»