ከጨርቁ ስር የነበረችው

ረቡዕ፣ ኅዳር 7 ቀን 1998 ዓ.ም.። በስቱዲዮው የኋላ ክፍል፣ ዘንበል ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አንድ ነጋቲቭ ተለጥፏል። በግራ ጉንጭ ላይ የነበረው ጭረት በእርሳስ ታርሟል፤ የቀኙ አልተነካም። እርሳሱን ያስቀመጠው ሰው በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ አልነቃም።

ሰፈሩ «ጋሽ ቀና በል» ይለዋል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሙሽራም ይምጣ ተማሪ፣ ከማንሣቱ በፊት የሚለው ይህንኑ ነው። የተበላሸ ፎቶ ከእጁ አይወጣም። ዓይን የተጨፈነበት፣ አንገት የዞረበት፣ ሁሉም ከነነጋቲቩ በመቀስ ለሁለት ይሄዳል።

የሚስቱ ሥራ መደበቅ ነበር። ገና መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ሲመጣ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እሱ ባለመስመር ጨርቅ ከራሷ እስከ እግሯ ይጥልባታል፤ ሕፃኑ ጭኗ ላይ ይሆናል፤ እሷ ከውስጥ ሆና ወገቡን ትይዝለታለች። ፎቶው ላይ የሚታየው ራሱን ችሎ የተቀመጠ ጎበዝ ልጅ ብቻ ነው። ጎረቤት «ወንበሯ» ብሎ ስም አወጣላት፤ እሷም ወደደችው።

«ኧረ ዛሬስ አንቺን ላንሳ» ይላታል አልፎ አልፎ።

«ወንበር ደግሞ ፎቶ ይነሣል እንዴ? ይልቅ ሰው ቆሟል፣ አስገባ።»

ያስገባል። አንድ እሑድ ግን አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ካሜራው ፊት መጥታ ቆመች። «እነዚህን ልጨርስና» አላት። ጨርሶ ዞር ሲል ቀሚሱን ቀይራ ወለሉን ትጠርጋለች።

ከሞተች በኋላ የቀረለት አንድ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው። ግማሽ ፊቷን ማህተም በልቶታል፤ በቀረው ግማሽ ደግሞ «ቀና በይ» ስላላት ቀና ያለች፣ የማያውቃት ሴትዮ አለች። እሱ የሚፈልገው ጨርቁን ገልጣ ስትወጣ የነበራትን ፊት ነው፦ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ላብ ችፍ ብሎባት፣ ሳቋ ገና ሳይበርድ።

ሃያ ስድስት ካርቶን ነጋቲቭ አወረደ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ ሲያይ ሦስት ዓመት ሄደ። ጉልበቷን አገኘ። በጨርቁ ስር ጉብ ጉብ ያሉ ጣቶቿን አገኘ። የጨርቁ መስመር ትከሻዋ ላይ ደብዝዞ ሲያይ ስቃ እንደነበር ያውቃል፤ ሳቅ ከያዛት ትከሻዋ አያርፍም ነበር። ፊቷ ግን የለም።

«አባዬ፣ ጨርቁ አንዴም አልተንሸራተተም ማለት ነው?» አለችው ልጁ።

«ስንቴ ተንሸራትቷል! መቼ አስቀረሁትና። በገዛ መቀሴ ነው የቆራረጥኳት።»

ጥቅምት ሲያልቅ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ጉርድ ልትነሣ ገባች። ቀና እንድትል ሲነግራት ሳቀች።

«ጋሼ፣ በሕፃንነቴም እኮ ያነሡኝ እርስዎ ነዎት። ጨርቁን ጎትቼ ወንበርዎን ገለጥኩት አሉ።»

ጣቱ የካሜራው ቁልፍ ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ሴትዮዋ በሳቅ ፍርስ ብላለች፣ እኔም እንደሷ። ሊቆርጡት መቀስ ሲያነሡ እናቴ ከእጅዎ ነጠቀችዎት። ‹ልጄ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም› ብላ።»

«ስጪኝ፣ የኔ ልጅ።»

«እሱስ አይሆንም። እናቴ ትታልኝ የሄደችው እሱን ነው።» ፊቱን አየች። «ላውስዎት። ግን የፊታችን ረቡዕ ግድግዳዬ ላይ ልየው።»

ሰኞ አመጣችለት። ፎቶው ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ የሴትዮዋን ሁለት ጉንጮች አቋርጦ ጭረት ትቶባቸዋል። በዚያው ቀን ፎቶውን በካሜራው መልሶ አነሣው፤ ማክሰኞ ነጋቲቩ ደረቀ።

«አሁኑኑ አትመው በቃ» አለች ልጁ። «እንዳለ ትሁን።»

«ፊቷ ተጭሮ? አላደርገውም።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንዱ ጉንጭ ታርሞ አለቀ። ለማስተያየት ዋናው ፎቶ ከጎኑ መኖር አለበት፤ ሰዓቱ ደግሞ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

«አንድ ቀን ጨምሪልኝ በላት። አትከለክልህም እኮ!» አለች ልጁ።

«አትከለክለኝም፣ አውቃለሁ። የናቷን ነገር አምናኝ ሰጥታ ቀን ልሸራርፍባት?»

ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሀል አድርጎ በክር አሰረ፤ ኮቱን ደረበ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየፎቁ አንድ አንድ ጊዜ አረፈ።

«ገለበጡት?» አለችው በሩን እየከፈተች።

«ገልብጫለሁ፣ ተባረኪ። የት ነበር የሚሰቀለው?»

ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ አሳየችው። ራሱን ነቀነቀ። «ፀሐይ ይጨርሰዋል። ወዲህ አድርጊው።»

በጫማዋ ተረከዝ ሌላ ቦታ ላይ ምስማር መታች። እሱ ሰቀለው፤ አንዱን ጥግ በጣቱ ገፋ አድርጎ አስተካከለው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

«ሻይ ላፍላ፣ ጋሼ?»

«ሌላ ቀን» አለና በደረጃው ወረደ።